ከተማ የያዘ ሁሉ ጦርነት አያሸንፍም



የዛሬው ጽሑፍ ስለ ልጆቻችሁ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ገና ይህን ስታነቡ «ኧረ እሱን ተወን!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ቦርሳውን ይጥላል፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። እራት ቀርቦ ሦስት ጊዜ ቢጠራ መልሱ «ሬጋ፣ ኢማ» ብቻ ነው። ስለ ሰዓቱ ዛሬ አንጨቃጨቅም፣ እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የማነሳው ልጁ እዚያ ስክሪን ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ ነው።

እስቲ አንድ ቀን ከጀርባው ቆማችሁ ተመልከቱ። ከጨዋታዎቹ አንዳንዶቹ ተኩስ ብቻ ናቸው፣ እነሱን ተዉአቸው። ሌሎቹ ግን የስልት ጨዋታ የሚባሉት ናቸው። እዚያ ውስጥ ልጃችሁ መንግሥት ያቆማል፣ እህል ያከማቻል፣ ጦር ይመራል፣ ከተማ ይከብባል። ኢትዮጵያም አለች። «ሲቪላይዜሽን» በሚባለው ታዋቂ ጨዋታ በስድስተኛው ዕትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አፄ ምኒልክ ገብተዋል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» በሚባለው ሁለተኛ ዕትም ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ሾተል የያዘ የኢትዮጵያ ወታደር አለ። እንግዲህ ልጃችሁ አፄ ምኒልክን ከእናንተ አፍ ሳይሰማ ከስክሪን አግኝቷቸው ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእነዚህ ጨዋታዎች ጦርነት የሚሸነፈው እንዴት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከተማ በመያዝ። በ«ሲቪላይዜሽን» ከተማ የወታደር እናት ናት። ሜዳ ላይ የጠላትን ጦር ብትፈጁ፣ ከተማው እስካለ ድረስ ከጥቂት ተራ በኋላ ሌላ ጦር ይወልዳል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች በሜዳው ውጊያ ብዙ አይደክምም። መድፉን ይጎትታል፣ ከተማውን ዙሪያውን ይዘጋል፣ ቅጥሩን ያፈርሳል፣ ይገባል። በጦር ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው የሌሎቹን መንግሥታት የመጀመሪያ ዋና ከተሞች በሙሉ መያዝ አለበት። ይህ ነው ሕጉ።

የእኛ አባቶች ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ግን ሌላ ነው። በሰንጠረዥ ላይ ከተማ ብሎ ነገር የለም። ያለው ሜዳና ጦር ብቻ ነው። በጥንቱ የአገራችን አጨዋወት መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ እንኳ አልነበረም። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እንደ ፍጥነቱ ያንቀሳቅስ ነበር፣ «ወረራ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን ንጉሡ ላይ ነው። ንጉሡ ከተያዘ አለቀ። ሌላው ጦር ሙሉ ሆኖ ቢቆም እንኳ ዋጋ የለውም።

«ይህማ ጨዋታ ነው» እንዳትሉ። መተማን አስታውሱ። አንዳንዶቻችሁ በእግር ወደ ሱዳን ስትወጡ በዚያ በኩል አልፋችኋል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ጦራቸው ወደ ድል ተቃርቦ ነበር። ንጉሡ በጥይት ተመተው ሲወድቁ ግን ያ ሁሉ ጦር ተበተነ። አንድ ሰው ወደቀ፣ የቀኑ ነገር ተገለበጠ።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለን። የከተማችን ስም ከየት እንደመጣ ታውቁታላችሁ፣ ጋት የጎልያድ አገር ነው። ከተማዋን የቆረቆሩት ሰዎች በከተማችን ጠርዝ ያለውን ቴል ኤራኒ የሚባለውን ጉብታ የጥንቱ ጋት ነው ብለው ስላሰቡ ስሙን ሰጧት። በኋላ ሊቃውንቱ ጋት ሌላ ቦታ እንደሆነ ቢናገሩም ስሙ ጸና። ታዲያ ዳዊት ጎልያድን ሲጥል ጋትን ከቦ ነበር? አልነበረም። በኤላ ሸለቆ ሁለት ጦር ፊት ለፊት ቆመ፣ ጀግናው ወደቀ፣ ፍልስጤማውያን እስከ ጋት ድረስ ሸሹ። ይህ የሜዳ ድል ነው። የተሰበረው የጦሩ ልብ ነው እንጂ የከተማው ቅጥር አይደለም።

አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን ምሳሌ እንይ። ከእኛ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በመኪና ጥቂት ሲሄዱ ቴል ላኪሽ አለ። ልጆቹ በትምህርት ቤት ጉብኝት ሄደው ይሆናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ያንን ከተማ ከበበ። ወታደሮቹ ቅጥሩ ድረስ የሚያወጣ የድንጋይና የአፈር ዳገት ሠሩ። ያ ዳገት እስከ ዛሬ ይታያል። ልጃችሁ በጨዋታው ውስጥ የቅጥር መስበሪያ ሲገፋ ካያችሁ፣ የእውነተኛው ቦታ ከቤታችሁ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ሰናክሬም ራሱ ባስጻፈው ጽሑፍ ከይሁዳ 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝኩ ይላል። 46! በጨዋታ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አብቅቷል። ግን ኢየሩሳሌምን አልያዘም። ሕዝቅያስ ከባድ ግብር ከፍሎ በዙፋኑ ቆየ። ላኪሽ ወደቀች፣ መንግሥቱ ግን አልወደቀም።

እንግዲህ ነገሩ «ሜዳ ይሻላል ወይስ ከተማ?» አይደለም። ጥያቄው ተዋጊውን ወገን አቁሞ የያዘው ምንድን ነው የሚል ነው። ንጉሡ ነው? ውሃው ነው? ስንቁ ነው? ከኋላ ያለው ሕዝብ ልብ ነው? እሱ ሲነካ ነው ጦርነት የሚያልቀው።

በአማርኛችን «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይነግረናል። ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነው። ከጎንደር ዘመን በፊት ለብዙ ጊዜ የንጉሡ ከተማ ድንኳን ነበር። ንጉሡ በሄደበት ይሄዳል፣ እህል ሲያልቅ ይነሣል። እንዲህ ያለውን አገር «ዋና ከተማውን ያዝኩ» ብሎ ማሸነፍ አይቻልም። ዛሬ አንዱ ቦታ ብትደርሱ ነገ ከተማው ሌላ ቦታ ነው። የጨዋታ ሠሪዎች ከተማን በካርታ ላይ እንደ ምሰሶ ሲተክሉ ይህን አላሰቡም።

ከተማ ከተተከለ በኋላም ቢሆን ያው ነው። በማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 27 ቀን ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ሙሶሊኒ በሮም ጦርነቱ አልቋል ብሎ ዐወጀ። በሜዳም አሸንፏል፣ ዋና ከተማም ይዟል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ግን በሸዋ እነ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ሙሉ ዕረፍት ነሱት። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። ከተማው ተይዞ ነበር፣ አገሩ ግን አልተያዘም።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የአድዋ ዘመቻ ነው። እዚያ ምሽግ መክበብም፣ የሜዳ ውጊያም በአንድ ዘመቻ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፣ ለልጁም በዚሁ መልክ ንገሩት።

በ1888 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦር አምባ አላጌ ላይ ጣልያኖችን ድል አደረገ። ቀጥሎ መቀሌ ደረሰ። እዚያ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ማጆር ጋሊያኖ የሚባል መኮንን ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ መሽጎ ነበር። የእኛ ሰዎች መጀመሪያ ምሽጉን በቀጥታ ሊሰብሩ ሞከሩ። ግንቡ፣ ሽቦውና መድፉ ብዙ ሰው በላ። ልጃችሁ ይህን በጨዋታው ያውቀዋል፤ ያለ መድፍ ከተማ ላይ ፈረሰኛ ቢልክ ያልቅበታል።

ከዚያ ምን ተደረገ? ምሽጉ የሚጠጣው ውሃ ከግቢው ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ውሃው እንዲያዝ ያደረጉት ብልሃት እስከ ዛሬ ይነገራል። ውሃው ከተያዘ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው የቆየው። ግንቡ አልፈረሰም፣ የፈረሰው ጉሮሮ ነው። በጥር ወር ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። አፄ ምኒልክም ሰዎቹን ከነመሣሪያቸው በሰላም እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። በብዙ ጨዋታ እንዲህ ያለ አዝራር የለም። ከተማ ሲያዝ ወይ ትወስዱታላችሁ፣ ወይ ታፈርሱታላችሁ። «በሰላም ሂዱ» የሚለው ግን የንጉሡን ስም በዓለም ዘንድ ከፍ ያደረገ ስልት ነበር።

ከመቀሌ በኋላ ሁለቱ ጦሮች አድዋ አካባቢ ተፋጠጡ። ጄኔራል ባራቲየሪ ሳውርያ ላይ መሸገ። እሱ ዘንድ 17,000 ገደማ ሰው አለ፣ በአፄ ምኒልክ በኩል እስከ 100,000 ይገመታል። «ታዲያ ለምን ወዲያው አልገጠሙም?» ይላችኋል ልጁ። መልሱን እናንተ ከእሱ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ምሽግ ላይ መሮጥ ምን እንደሆነ መቀሌ አሳይቷል። ግን 100,000 ሰው መቀመጥም አይችልም፣ ይበላል። ከብቱም፣ በቅሎውም ይበላል። አገሩ ተሟጠጠ። የምኒልክ ስንቅ አልቆ ሰፈሩ ሊነሣ ቀናት ቀርተውት ነበር። የባራቲየሪም ስንቅ እያለቀ ነው። በዚያ ላይ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቴሌግራም ይነዘንዘዋል፣ ጄኔራሎቹም ማፈግፈግ ውርደት ነው ይሉታል።

መጨረሻ ላይ መታገሥ ያቃተው ባራቲየሪ ሆነ። ጦሩን በአራት ከፍሎ በሌሊት ከምሽጉ ወጣ። ካርታው የተሳሳተ ነበር፤ ጄኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ተሳስቶ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ሄደ። የካቲት 23 ቀን ሲነጋ ክፍሎቹ ተለያይተው ተገኙ፣ አንድ በአንድ ተመቱ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነገሩ አብቅቶ ነበር።

አሁን ልጁን ይህን ጠይቁት፦ «አፄ ምኒልክ ከአድዋ በኋላ የትኛውን ከተማ ያዙ?» ምንም። ወደ አስመራ አልሄዱም። የጣልያን ወታደር የሚወለድበት ከተማ ባሕር ማዶ ነው፣ በጨዋታው ሕግ ቢሆን ጣልያን ሌላ ጦር ወልዶ ይመለስ ነበር። ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣልያን ሕዝቡ ተነሣ፣ የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሻረ፣ የኢትዮጵያ ነፃነትም ያለ ገደብ ታወቀ። አንዲት የሜዳ ቀን፣ አንድም ከተማ ሳይያዝ። የተመታው የሮም ትዕግሥት ነው።

ፍርድ እንዳናጓድል፣ ይህን ለመቁጠር የሚሞክሩ ጨዋታዎችም አሉ። «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ» የሚባለው በአራተኛው ዕትሙ ጦርነቱን በነጥብ ይመዝናል። ሙሉው 100 ነው፤ በሜዳ ውጊያ ብቻ ግን ከ40 በላይ አይገኝም። ቀሪው በአብዛኛው ከተማና አገር በመያዝ ነው። አድዋ በዚያ ሚዛን ቢመዘን ከ40 አያልፍም ነበር። ሆኖም በዚሁ ጨዋታ ትንሽ ከጠየቃችሁ በትንሽ ነጥብም ሰላም ይገኛል። አፄ ምኒልክ ኤርትራን ሁሉ ሳይሆን የውጫሌን መሻር መጠየቃቸው በዚህ በኩል ሲታይ ይገባል። ምን ያህል እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ድል ጦርነት ይጨርሳል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ከጨዋታው ፈጽሞ አታገኙትም። በላኪሽ ድል የተደሰተው ሰናክሬም ታሪኩን በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀረጸ። ድንጋዩ ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። እዚያ ላይ ቀስተኛና መሰላል ብቻ አይደለም ያለው። ጓዛቸውን ተሸክመው ከከተማዋ የሚወጡ ወንዶችና ሴቶች፣ በጋሪ ላይ የተቀመጡ ልጆችም አሉ። ወደ ስደት ነው የሚሄዱት። በጨዋታው ከተማ ሲያዝ ቁጥር ይቀንሳል፣ ቀለም ይቀየራል፣ አለቀ። ማን እንደወጣ፣ ምን ተሸክሞ እንደወጣ አይታይም። ጓዝ ተሸክሞ በሌሊት መውጣት ምን እንደሆነ ግን እናንተ ለልጁ መንገር ትችላላችሁ።

እኛ የቆምንበት መሬትም ይህን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1948 መጸው 4,000 ገደማ የግብፅ ወታደሮች እዚሁ፣ በፋሉጃና በኢራቅ አል-መንሺያ መንደሮች ተከበቡ። ከመካከላቸው በኋላ የግብፅ መሪ የሆነው ወጣቱ መኮንን ጋማል አብደል ናስር ነበር። በታኅሣሥ የእስራኤል ጦር ለመስበር ሞክሮ ብዙ ልጆች ሞቱበት፣ ቦታውም አልተያዘም። መጨረሻ ላይ በየካቲት 1949 በተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት ወታደሮቹ ወጡ። የሁለቱ መንደሮች ነዋሪዎችም በዚያው ዓመት ለቀው ሄዱ። ቂርያት ጋት የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ከበባው በጥይት አላለቀም፣ በወረቀት አለቀ።

«ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትለን?» ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልስጣችሁ። አንድ ምሽት ስክሪኑ ይዘጋና ገበታው ላይ አድዋን ተጫወቱ። የሚያስፈልገው ሽምብራ፣ ምስርና ሁለት ኩባያ ነው።

አንዳችሁ ምኒልክ፣ ሌላው ባራቲየሪ ሁኑ። ምኒልክ 20 ሽምብራ ይይዛል፣ ባራቲየሪ 4። አንዱ ሽምብራ በግምት 5,000 ሰው ነው። ባራቲየሪ ሽምብራውን ሳህን ውስጥ ያስቀምጥ፣ ሳህኑ ምሽግ ነው። ከዚያ ሁለታችሁም ሳትቆጥሩ አንድ አንድ እፍኝ ምስር በየኩባያችሁ ጨምሩ። የምኒልክ ምስር ስንቅ ነው፣ የባራቲየሪ ምስር ስንቅና የሮም ትዕግሥት ነው።

በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱም ከኩባያቸው አንድ ምስር ያወጣሉ። ምኒልክ ከፈለገ ሁለት ሽምብራ ከፍሎ ከባራቲየሪ ኩባያ ተጨማሪ ምስር ያወጣል፤ ይህ ውሃና መንገድ መዝጋት ነው። ምሽጉን በቀጥታ ከመታ 5 ሽምብራ ያጣል፣ ምሽጉም አይፈርስም። የምኒልክ ኩባያ ቀድሞ ባዶ ከሆነ ጦሩ ወደየቤቱ ይበተናል፣ ባራቲየሪ አሸነፈ። የባራቲየሪ ኩባያ ቀድሞ ባዶ ከሆነ ከሳህኑ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይገጥማል፣ ብዙ ሽምብራ ያለው ያሸንፋል።

ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጫወታችሁ በኋላ ቦታ ተቀያየሩ። ልጁ የምኒልክን ኩባያ ይዞ ምስሩ ሲያልቅበት ይታየው። ያን ጊዜ «ለምን ዝም ብለው አልመቱም?» ማለቱን ይተዋል።

እናንተም ሁለት ጥያቄ ያዙ። አንደኛው፦ «በኮምፒውተርህ ጨዋታ ጦርህ ምን ይበላል?» ሁለተኛው፦ «ከተማውን ስትይዝ ውስጥ ያሉት ሰዎች የት ይሄዳሉ?» ይህ ልጅ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጻባ ይገባል፣ ያኔ ጥያቄው ጨዋታ አይሆንም። አማርኛው ቢያጥረው በዕብራይስጥ ይመልስላችሁ፣ እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ። ከሽምብራው የተረፈውን ደግሞ ቆልታችሁ ብሉት።

ሰላም ሁኑልኝ።